ደሴ ላይ ምክር አይሸጥም፦ ስለ ትርፋማ ላይፍ ኮቺንግ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አራት ሰው ላከልኝ። ከአራቱ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ያላገኙ የደሴ ልጆች ናቸው። «እውነት ነው? እኛም እንጀምር?» ብለው ነው የላኩት።

ጽሑፉን የጻፉት አዲስ አበባ የሚሠሩ አሠልጣኝ ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ላይፍ ኮቺንግ፣ ማለትም ሰው በሥራውና በኑሮው ያሰበውን ዳር እንዲያደርስ በክፍያ አብሮት መሥራት፣ ከስልክ በቀር ካፒታል አይፈልግም። የጥቂት ሳምንት ሰርተፍኬት ይበቃል። 10 ደንበኛ በ10 ሺህ ብር ከያዙ በወር 100 ሺህ ይገባል። የክፍለ ሀገር ሰው ለምክር መክፈል ስላልለመደ መጀመሪያ ከጎረቤትና ከሽማግሌ ምክር ማላቀቅ ያስፈልጋል። ስምን በትልቁ መስቀል፣ ውጤቱንም ቀን ቆርጦ ቃል መግባት ግድ ነው። ጭንቀትም ሆነ ያለፈ ጠባሳ አስተሳሰብ ሲለወጥ ይለቃል።

እኔ ይህን ሥራ ደሴ ላይ ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የቤት ኪራይ የምከፍለውም፣ ልጄን የማስተምረውም በዚሁ ነው። ስለዚህ «ሥራው አያበላም» ልል አልተነሣሁም። ያበላል። ግን ጽሑፉ ባለው መንገድ የገባ ልጅ ስድስት ወር የሚቆይ አይመስለኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ በስድስቱ ወር ውስጥ በእጁ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የካፒታሉ ነገር ቶሎ ያልቃል። እኔም የጀመርኩት በስልክ ነው። ቢሮ አልነበረኝም፤ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ነበር የምቀመጠው። ሁለት ወር ሞከርኩት። ደሴን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። አንድ ሰው ስለ ትዳሩ ሊነግርህ አፉን ሲከፍት አጎቱ በበር ይገባል። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ወደ ጉዳዩ አይመለስም። ስለዚህ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። ንግድ ፈቃድና ቲን ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጋ ሄዶ «ላሠልጥን» ሊል አይችልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛ እስኪለምድህ የምትበላው ያስፈልጋል። እኔ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሳስተምር ነው የቆየሁት። ካፒታሌ ያ ደመወዝ ነበር።

ሰርተፍኬቱ። በአብዛኛው ዓለም ማንም ተነሥቶ «ኮች ነኝ» ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም። ለዚህ ነው ሰርተፍኬት እንደ ቆሎ የሚቸረቸረው። በሙያው ውስጥ ግን መለኪያ አለ። በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌደሬሽን የመጀመሪያውን ደረጃ ለመስጠት 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት ከሰው ጋር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል። ለሁለተኛው 125 ሰዓት ትምህርትና 500 ሰዓት ሥራ። ለከፍተኛው 2,500 ሰዓት ሥራ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ሚዛኑ የሚያደላው ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ሥራው ነው።

እኔ ገንዘቤን ከፍዬ የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት የወሰድኩት በአራት ቅዳሜና እሑድ ነው። ማን እንደሰጠኝ አልናገርም፤ ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው፣ በአራቱም ሳምንት ከአንድ ሰው ጋር ስነጋገር ቁጭ ብሎ ያየኝ አልነበረም። የት ላይ እንደምቸኩል፣ የት ላይ አፍ እንደምነጥቅ የነገረኝ የለም። ያንን የተማርኩት ለሥራ ባልደረቦቼና ለጓደኞቻቸው በነፃ ስሠራ ነው። እያንዳንዱን ሰዓት በደብተር እጽፍ ነበር። 100 ሰዓት ሲሞላ ነው ብር መቀበል የጀመርኩት። ለጀማሪ አንድ ምክር ስጪ ብባል ይህን ደብተር ነው የምሰጠው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቹን የሳባቸው እሱ ነውና።

«10 ደንበኛ በ10 ሺህ» ሲጻፍ ያምራል። እስቲ ደሴ ላይ አስቀምጠን እንየው። አንድ ሰው አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ከእሱ በፊት ያለፈውን ማንበብ፣ ከእሱ በኋላ መጻፍ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ጆሮዬን ሰጥቼ መስማት የምችለው በቀን 4 ሰው ነው። አምስተኛው ሲገባ ራሴን እየነቀነቅኩ ነው እንጂ እየሰማሁ አይደለም። በሳምንት 20፣ በወር 80 ማለት ነው። ይሁንና 80 ሞልቶ አያውቅም። ሰኞ ነጋዴ አይመጣም፤ ሰኞ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገቡ ሰዓቱ ሁሉ ይዛወራል። ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ዝናብና ጉም ሰውን ከቤት አያስወጣም። መስከረም የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ነው፤ ለራሱ የሚከፍል ወላጅ የለም። በደህና ወር የምይዘው 40 ነው።

40 ጊዜ 500 ብር፣ 20 ሺህ። የክፍል ኪራይ 5 ሺህ። ስልክና ኢንተርኔት 1,200። የኮምቦልቻ መመላለሻ 800። ወረቀት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ቡና 1 ሺህ። ለግብር ለብቻ የማስቀምጠው 1,500። እጄ ላይ የሚቀረው 10,500 ነው። ሐምሌ ላይ የግብር ወረፋ ስይዝ የማልደነግጠው ያቺን 1,500 ስለማልነካት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ትቼው ነበር። ያቆመኝ ቡድን ነው። ደሴ ላይ 6 ነጋዴዎች በሳምንት አንድ ማታ አብረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው 300 ብር ይከፍላሉ፤ በአንድ ማታ 1,800፣ በወር 7,200። ኮምቦልቻ ላይ ሌላ 6 ሰው አለ። ፋብሪካ ውስጥ ትናንት ማሽን ላይ የነበሩ፣ ዛሬ ሠላሳ ሰው ምሩ የተባሉ ልጆች ናቸው። የትናንት ጓደኛቸውን እንዴት እንደሚያዙ ማንም አላስተማራቸውም። እነሱም በወር 7,200። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ከዚያ እጄ ላይ ከሚቀረው 10,500 ይበልጣሉ። ለከፋዩም ይረክሳል። አንዱ የሌላውን ሲሰማ ደግሞ እኔ ከምለው ሁሉ የበለጠ ይጠቅመዋል። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ቡድን አንድ መስመር የለም።

እንግዲህ ወደ 25 ሺህ ተጠጋን። 100 ሺህ አይደለም። ግን በየወሩ የሚመጣ፣ ማንንም ሳያታልሉ የሚገኝ ገንዘብ ነው።

አሁን በጣም ያስከፋኝ ነጥብ። የክፍለ ሀገርን ሰው ከጎረቤትና ከሽማግሌ ምክር «ማላቀቅ» የሚሉት።

እኛ ጋ ምክር ሞልቷል። ቡና ሲፈላ ምክር አለ። ቅሬ ላይ ምክር አለ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። የንስሐ አባት አለ፤ ሼህ አለ። ነገሩ ከርሮ ደም ሊያፋስስ ከሆነ አበጋሮች አሉ፤ የወሎ አስታራቂዎች ናቸው። ፊትህ ትንሽ ጠቆር ካለ «አብሽር» ሳይልህ የሚያልፍ የለም። ይህ ሁሉ በነፃ ነው። የሚሰጡትም ከእኔ በላይ ኑሮን ያዩ ሰዎች ናቸው። ሰውን ከእነሱ አላቅቃለሁ ማለት ነውር ነው። ደግሞስ አላቅቄ ምን ልሰጠው ነው? እኔ በሳምንት አንድ ሰዓት ነኝ፤ ቅሬው ዕድሜ ልኩን ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይከፍለኛል? ለምክር አይደለም። ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ክትትል ነው፤ ሌላው ምስጢር።

ክትትሉን በአንዲት እናት ልናገር፤ ፈቅደውልኛል። የሴት ልብስና ሻርፕ ይሸጣሉ። «ልጄ፣ እሸጣለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ብር ግን የለኝም» ብለው መጡ። ዱቤ ነው የበላቸው። ምክሩንማ ከሁሉም ሰምተዋል። «ዱቤ አትስጪ የማይለኝ የለም። የጎረቤቴ ልጅ ፊቴ ቆማ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልሳት?» አሉኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ባለ ካሬ ደብተር ገዛንና ሦስት መስመር አሰመርን፤ ስም፣ ብር፣ «እከፍላለሁ» ያለችበት ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት መጻፍ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደምረን ሁለታችንም ዝም አልን። በሦስተኛው «እስቲ ማንንም የማያስቀይም አነጋገር ምን ይሆናል?» ስላቸው ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡ። ከዚያ «የዚህ ወር ዱቤዬ ሞልቷል እህቴ፤ ለሚቀጥለው ወር ስምሽን ላስይዝልሽ» አሉ። ቃሉ የራሳቸው ነው። እዚያው ክፍሉ ውስጥ እኔ ጎረቤት ሆኜ እየጠየቅኩ አምስት ስድስት ጊዜ አሉት። በቀጣዩ ሳምንት ስንት ሰው ላይ እንደተጠቀሙበት ጠየቅኩ። አንድ። ከዚያ ሳምንት ሦስት። አሥራ አንድ ሳምንት አብረን ሠራን። መጨረሻ ላይ ደብተሩን እንዳይቆሽሽ በፌስታል ለብጠው ይዘውት መጡ።

ከዘመድ መካከል አሥራ አንድ ሳምንት በአንድ ጉዳይ ላይ ቁጭ ብሎ «ባለፈው ምን አደረግሽ?» የሚል አይገኝም። ዘመድ ስለማይወድ አይደለም፤ ዘመድም የራሱ ኑሮ ስላለው ነው። የምሸጠው ይህንን ነው። ኮች የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው ይባላል፤ ጥሩ ሠረገላ ይሠራባት ነበር። ለእኔ ይመቸኛል። ሐረጎን ቁልቁል የሚወርደው የሚኒባስ ሾፌር ተሳፋሪውን ኮምቦልቻ ለምን እንደሚሄድ አይመክረውም። በሰላም ያደርሰዋል።

ምስጢሩ ደግሞ የመግቢያ በር ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ክፍሌ መንገድ ዳር ነበር። ጽሑፉ እንደሚለው ስሜንና ሥራዬን በትልቁ ሰቅዬ ነበር። ሰው በሩ ላይ ደርሶ ያልፋል። አንድ ነሐሴ ቀን ዝናብ ሲወርድ አንድ ትልቅ ነጋዴ ጥላቸውን እስከ አንገታቸው አውርደው ገቡ። ከወንድማቸው ጋር ሱቅ ሊካፈሉ ነው፤ መጣላት አይፈልጉም። መጀመሪያ ያሉኝ ግን ስለ ሱቁ አልነበረም። «እህቴ፣ እዚህ መግባቴን አንድ ሰው ካየ ማታ ቤቴ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ገና ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ሊያስታርቁኝ» አሉ። ሽማግሌ ጠልተው አይደለም። ሽማግሌ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ሐሳባቸውን የሚያጠሩበት ቦታ ነበር የፈለጉት።

በወሩ ክፍሉን ለቀቅኩ። አሁን ያለሁት ሁለተኛ ፎቅ ነው። በአንዱ በኩል የሒሳብ ባለሙያ፣ በሌላው ፎቶ ኮፒ፣ ጫፍ ላይ ልብስ ሰፊ አለ። ደረጃውን የሚወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከመንገድ አይታወቅም። በሩ ላይ ምንም አልሰቀልኩም። ደንበኛዬ የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴውም ጉዳያቸውን ይዘው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ፤ ሱቁ በሽምግልና ተከፈለ። የእኔን ስም ማንም አላነሣም። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ቃል ስለ መግባት። «በ30 ቀን ሕይወትህ ይቀየራል» በሉ ይላል ጽሑፉ። ካልተቀየረስ? «ደንበኛው አስተሳሰቡ አልተዘጋጀም ማለት ነው» ይላል። ይህ ክፉ አነጋገር ነው። ለምን እንደሆነ ላሳይ።

ወደ እኔ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ 12ኛ ክፍል ያላለፉ ናቸው። ከፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። በጣም በተሻለው ዓመት እንኳ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ወድቀዋል። እንግዲህ ለዚህ ልጅ «የወደቅከው ስላላመንክ ነው» ልበለው? መቶ ሺዎች በአንድ ቀን ማመን ረሱ? ደሴ ላይ ደግሞ የ2014ቱ ተፈታኝ ዓመቱ ሲጀምር ጦርነት ውስጥ ነበር። ኮምቦልቻም ላይ አንዲት ልጅ «ከሥራ የወጣሁት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብላኛለች። ለውጭ ገበያ ስትሰፋ ነበር። አጎዋ የሚባለው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ለኢትዮጵያ ተቋርጧል፤ ትእዛዝ ቀንሷል፤ ሰው ተቀንሷል። ስለዚህ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። አነቃቂ ንግግር ግን ብዙ ሰምታለች። ያ ሁሉ ንግግር ጥፋቱን ወደ እሷ ነው ያዞረው። የመጀመሪያው ሰዓታችን ያለቀው የእሷ የሆነውንና ያልሆነውን ለይተን ስንጽፍ ነው። የእሷ የሆነው አጭር ነበር፤ ቢሆንም የምትይዘው ነገር አገኘች።

እኔ ቃል የምገባው ሦስት ነገር ነው። በሰዓቱ እገኛለሁ። ያወራነው ከክፍሉ አይወጣም። በአራተኛው ሳምንት «ይህ እየጠቀመዎት ነው ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካልጠቀመ እናቆማለን።

የመጨረሻውን ነጥብ ሳነብ እጄ ተንቀጥቅጧል። «ያለፈ ጠባሳ በአስተሳሰብ ለውጥ ይለቃል» የሚለውን።

ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባው ጥቅምት 2014 ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆዩ። ያንን ጊዜ እዚህ የነበረ ሁሉ የሚያውቀው አለው። በር ሲላተም ትንፋሿ የሚቆም እናት አለች። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። ይህ የግብ ማውጫ ወረቀት ተሞልቶ የሚድን አይደለም። ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው።

ይህን የማውቀው ስለተሳሳትኩ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ወጣት መጣ። «ተነሣሽነት የለኝም» አለ። እኔም ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩ። አራት ሳምንት ግብ አስጻፍኩት፤ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስመዘገብኩት። አምስተኛው ሳምንት ላይ እሱ ቀርቶ እህቱ መጣች። «ከአልጋው መነሣት ትቷል። አንቺ ጋ የሚጽፈውን ባለመፈጸሙ ያለቅሳል» አለችኝ። በሽታው ላይ እኔ ኃፍረት ጨመርኩበት። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ወሰድነው፤ መድኃኒት ጀመረ። ዛሬ ይሠራል። ግን ያ አራት ሳምንት የእኔ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መጀመሪያ ሲቀመጥ ስለ ሥራና ስለ ዕቅድ አልጠይቅም። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላሉ? መኖር ያስጠላዎት ጊዜ አለ? ያሉበት ሰፈር ወይም ድምፅ የሚያስደነግጥዎ አለ? መልሱ ካሳሰበኝ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና እልካለሁ። ብቻውን መሄድ ከፈራ አብሬው እሄዳለሁ። ለዚያ ሰዓት ብር አልቀበልም። ከታከመ በኋላ ስለ ሥራውና ስለ ኑሮው ልንነጋገር እንችላለን፤ ሁለት ሦስት ሰዎች እንደዚያ ተመልሰውልኛል። ጽሑፉን የጻፉት አሠልጣኝ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህቺን ነጥብ እንዲያወጧት እለምናቸዋለሁ። አንድ ሰው አምኗቸው መድኃኒቱን ቢያቆም ሊመልሱት አይችሉም።

ጽሑፉን ለላኩልኝ ሁለት ልጆች ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዱ «ይቅርብኝ» አለ፤ የወንድሙን ሱቅ ይዞ የሒሳብ ትምህርቱን ሊሠራበት ነው። ሌላዋ ደብተር ገዝታ መጣች። የኮምቦልቻዎቹን ልጆች ጠየቅኳቸውና ከፈቀዱ በኋላ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አብራኝ ትወርዳለች። ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ አትናገርም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሐረጎን ስንወጣ፣ የት ላይ አፍ እንደነጠቅኩ ትነግረኛለች። ባለፈው ሁለት ቦታ አግኝታብኛለች።